አማቴ በሮማውያን ከተማ የጠፉብኝ ዕለት

የገዛ አባቱ የጠፋበት ሰው ያሳዝናል። የሚስቱ አባት የጠፋበት ሰው ግን ያስጠረጥራል። እኔ ሁለተኛው ነኝ። ያውም የጠፉብኝ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወይም አማኑኤል መናኸሪያ ቢሆን ምን ነበረበት! እዚያማ የመጀመሪያው ሊስትሮ «አማትህ እዚያ ጋ ቁጭ ብለዋል» ብሎ ይገላግለኝ ነበር። የጠፉብኝ ባሕር ማዶ፣ የሮማውያን የፈረሰ ከተማ ውስጥ ነው። ከነዋሪዎቿ አንድ እንኳ በሕይወት የሌለባት ከተማ ውስጥ ሰው ጠፍቶባችሁ ያውቃል? አይጥፋባችሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ሠርግ አነሣለሁ፣ ክርስትና አነሣለሁ፣ የምርቃት ጋውን ለሌለው አከራያለሁ። «ቀና ይበሉ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ፈገግ» እያልኩ ያላቆምኩት ሙሽራ፣ ያላስፈገግኩት ቄስ የለም። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ኋላ ለወረደብኝ መዓት መነሻው ይኸው ሙያዬ ስለሆነ ነው።

አማቴ ጋሽ ይርሳው ይባላሉ፤ አማኑኤል አጠገብ የታወቁ ገበሬ ናቸው። ስም ያወጣላቸው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ሰውዬው የሚረሱት ነገር የለም። ልጃቸውን አበባን ሽማግሌ ልኬ ባስጠየቅሁ ዕለት፣ ከሽማግሌዎቼ አንዱን ደጃፋቸው ላይ ያደናቀፈውን ድንጋይ ዛሬም በሄድኩ ቁጥር ያሳዩኛል። ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት «አማችዎ ሥራው ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ «ሰው ያቆማል» ይሉና ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ መሰላችሁ!

አበባ ማስተዋል የምትባል ታናሽ እኅት አለቻት። ዮርዳኖስ አገር፣ አማን ከተማ ከሄደች ቆይታለች፤ በሰው ቤት ሠራተኝነት ጀምራ ዛሬ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ኃላፊ ሆናለች። አባቷን ዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ላቆም ብላ ተስላ ነበርና ስለቷ ደረሰ። ጋሽ ይርሳው ግን የሚያጅበኝ ወንድ ካልተገኘ አይሮፕላን ላይ አልወጣም አሉ። ወንዶች ልጆቻቸው አጨዳ ላይ ነበሩ። ሥራ ፈት ሆኖ የተገኘው ሰው የሚያቆመው ብቻ ነበር። አበባ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ስትሸኘን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«አባቴን እንደወሰድክ መልሰህ አምጣልኝ» አለችኝ።

ቀላል ነገር መሰለኝ። ሰው ዕቃ አይደለም፣ ራሱ ይመለሳል ብዬ ነበር።

ጋሽ ይርሳው ያለ ዱላ አይንቀሳቀሱም። አየር ማረፊያ ላይ ፈታሿ ልጅ ዱላ ይዘው መግባት እንደማይችሉ በትሕትና ነገረቻቸው። እሳቸውም ያለ ዱላ መግባት እንደማይችሉ በትሕትና ነገሯት። ትሕትና ከትሕትና ጋር ሲጋጠም የሚሸነፍ የለምና ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ ቆመ። በመጨረሻ ዱላው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ለብቻው እንደ ሻንጣ ተላከ። አማን ስንደርስ የእኔ ሻንጣ የት እንደገባ ሳይታወቅ ዱላው ግን ከሁሉ ቀድሞ ብቅ አለ። ጋሽ ይርሳው አነሡትና የእኔን ባዶ እጅ አይተው «ዱላ ጌታውን ያውቃል» አሉ።

ወንዙንም አየን። ዓባይን ላየ ሰው ዮርዳኖስ ቀጭን ናት። ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋሽ ይርሳው ግን ብዙ ቆመው ካዩ በኋላ፣ ጌታ ትልቅ ወንዝ አጥቶ ሳይሆን ትሕትናን ሊያስተምረን ትንሿን እንደመረጠ ነገሩኝና ተንበርክከው ጠጡ። ያን ዕለት እንኳን እኔን ሮማውያንንም ይቅር የሚሉ ይመስሉ ነበር።

በማግሥቱ ማስተዋል ሥራ ነበረባት። ማታ ወደ አገራችን እንበርራለን፤ ቀኑን እንዳንሰለች ብላ ጎብኚ ከሚወስድ አውቶብስ ላይ አሳፈረችን። የምንሄደው ጀራሽ ወደምትባል የጥንት የሮማውያን ከተማ ነው። ጋሽ ይርሳው የማንም ፍርስራሽ ለማየት አልመጣሁም ብለው ሊቀሩ ነበር። ማስተዋል ግን የአባቷን ልብ መክፈቻ ታውቃለችና አገሩ በወንጌል ጌርጌሴኖን የተባለው መሆኑን ሹክ አለቻቸው። አጋንንት የገቡባቸው እሪያዎች ከገደል የተወረወሩበት አገር! ጋሽ ይርሳው ጋቢያቸውን አጣፍተው ከሁላችን ቀድመው ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ገደል ሲፈልጉ ሄዱ።

አስጎብኚያችን የተዘጋ ጃንጥላ ወደ ላይ ቀስሮ የሚሮጥ ቀጭን ሰው ነው። የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ የፎቶ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ «ስማይል» እና «ፊኒሽ» የሚሉት ላይ ማንንም አልፈራም፣ መሐል ያለው ነው የሚቸግረኝ። አንዱን ነገር ግን አጥርቼ ሰማሁ፦ አውቶብሱ በሰዓቱ ይነሣል፣ የዘገየ ሰው አይጠበቅም።

በሩን አልፈን ስንገባ መጀመሪያ ያገኘነው የፈረስ መሽቀዳደሚያ ነው። የጋሽ ይርሳው ዓይን በራ። በወጣትነታቸው በጉግስ የተነሣ ስማቸው እስከ ዛሬ አልወደቀም። ሜዳውን በእርምጃ ለክተው፣ ጎንበስ ብለው አፈሩን በመዳፋቸው አፍሰው፣ ሮማውያን ለፈረስ የሚሆን ቦታ መምረጥ እንደሚያውቁ መሰከሩላቸው። ከዚያ በላይ ግን አላሞገሱም። አባታቸው በጣልያን ጊዜ አርበኛ ነበሩና ለሮም ዘመዶች ፊታቸው ቶሎ አይፈታም። ከተማዋን ማን እንዳፈረሳት ጠየቁኝ። የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «እግዜር ቀደመን» አሉ።

ቀጥሎ የሚያህለው የሌለ አንድ ፍርስራሽ አሳዩን። ቤተ መንግሥት ነው ብዬ ገምቼ ለጋሽ ይርሳውም እንዲያው አስረዳኋቸው። ለካስ ገላ መታጠቢያ ኖሯል። ይህን ሲሰሙ ዙሪያውን በዝግታ ቃኙና፣ ይህን ያህል ግንብ ያሠራቸው ምን ያህል ቢቆሽሹ ነው ብለው ጠየቁኝ።

ከኮረብታው ላይ ደግሞ የጣዖት ቤት አለ። ከዓምዶቹ አንዱ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይወዛወዛል። አስጎብኚው ከሥሩ ባለው ክፍተት ማንኪያ ሰካና ማንኪያው ከፍ ዝቅ ሲል ሁሉም በአድናቆት አጨበጨበ። ጋሽ ይርሳው ብቻ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በእኛ አገር የሚነቃነቅ ምሰሶ ይደገፋል እንጂ ለእንግዳ አይታይም፣ ይህን ንገርልኝ አሉኝ። እንግሊዝኛዬን ሰብስቤ «ሚስተር፣ ፊኒሽ» አልኩት ዓምዱን እያመለከትኩ። አስጎብኚው ጨርሰናል ያልኩት መስሎት ጃንጥላውን አንሥቶ ጉዞውን ቀጠለ።

በመጨረሻ ከክብ ሲኒማ ቤት ጋር የሚመሳሰል፣ ሰማይ ብቻ ጣሪያው የሆነ ቴአትር ቤት ገባን። መቀመጫው የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ተራራ ይመስል ሽቅብ ይወጣል። መሐል ወለሉ ላይ ምልክት ያለበት ድንጋይ አለ። አስጎብኚው እዚያ ላይ ቆሞ በቀስታ ሲያወራ ድምፁ እላይ ጫፍ ላይ ለተቀመጠው ሰው ጥርት ብሎ ይሰማል። ከወዲህ ደግሞ ቀይ ሻሽ ያሰሩ ሰዎች ስልቻ ታቅፈው ይነፋሉ። ስልቻ ጤፍ ሲይዝ እንጂ ሲዘፍን አይቼ አላውቅም ነበር። አስጎብኚው ይህን አሳይቶ ለየብቻችን እንድንዞር ለቀቀን።

እኔም ሙያዬ ተነሣብኝ። ግራና ቀኝ ዓምድ የተሰደረበት ረጅም የድንጋይ መንገድ አለ። ጋሽ ይርሳው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከአንዱ ትልቅ ዓምድ ሥር ሲቆሙ የሚወጣው ፎቶ ታየኝ። አሳጥቤ፣ ትልቅ አድርጌ፣ ፎቶ ቤቴ በር ላይ የምሰቅለው። አስተካክዬ አቆምኳቸው።

«ወደ እኔ አይዩ፣ ሩቅ ሩቁን ይመልከቱ። እስክልዎት ድረስ አይንቀሳቀሱ» አልኳቸው።

ሩቅ ማየት ያውቁበታል። እኔ ጫፉ ድረስ ላስገባ ብል ዓምዱ አልገባ አለኝ። ወደ ኋላ ሄድኩ። የሰውዬው እግር ተቆረጠ። ደግሞ ወደ ኋላ ሄድኩ። አሁን ዓምዱ ገባ፣ ደመናውም ገባ፤ ትንሽ ብቻ ቀረኝ። ወደ ኋላ አንድ እግሬን ሳነሣ እኔም ገባሁ። አስጎብኚው ጠዋት «ይህ የውሃ መፋሰሻ እስከ ዛሬ ይሠራል» ብሎ ያሞገሰው ቦይ ውስጥ ነው የገባሁት። እውነቱን ነው፣ ይሠራል፤ ሰው ሳይቀር ይወስዳል።

አልተሰበርኩም። ጫማዬ ግን ከድንጋይ መሐል ተቀርቅሮ እምቢ አለ። ጮኼ እንዳልጣራ አፈርኩ፤ አማት ፊት ቦይ ውስጥ ከመገኘት እዚያው መኖር ይሻላል። እግሬን አውጥቼ፣ ጫማዬን አስለቅቄ በእጄ እንደያዝኩ፣ አቧራ በአቧራ ሆኜ ስወጣ ዓምዱ አለ። ሰማዩ አለ። ጋሽ ይርሳው የሉም።

ልክ በዚያች ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። አበባ ናት፣ በቪዲዮ። ማስተዋል ኢንተርኔት ሞልታልኝ ነበርና ያን ዕለት ረገምኳት። ካላነሣሁ ትጠረጥራለች፤ ካነሣሁ ታውቃለች። አነሣሁ። አባቴን አሳየኝ አለችኝ። እኔም በመጀመሪያ ዓምዱን አሳየኋት፣ ቀጥሎ ሌላ ዓምድ አሳየኋት፣ የሮማን ታሪክ ጀመርኩላት። ትዳራችን ውስጥ ያን ያህል ታሪክ አውርቼላት አላውቅም። አባቴን አለች ደግማ። ከሩቅ ነጭ ነገር የለበሰ ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ አየሁ። እግዜር ይስጠው ብዬ ስልኩን ወደ እሱ አዞርኩ። ሽማግሌው በዚያው ፊቱን መለሰ። ፎጣ የጣለ ፈረንጅ ነው።

አበባ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋችና፣

«አባቴ እንዲህ የቀላው ከፀሐዩ ነው?» አለችኝ።

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩን ያቋረጠው አውራ ጣቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። የፈረስ ሜዳው ላይ ሄድኩ፣ ከፈረስ በቀር ሁሉ አለ። ገላ መታጠቢያው ውስጥ ገባሁ። ወደሚወዛወዘው ዓምድ ወጣሁ፤ ደግፈውት ቆመው ይሆናል ብዬ ነበር፣ የሉም። ስልካቸው እዚያ አገር አይሠራም። ቋንቋ የላቸውም። እንዳይጠይቁ፣ ሰውዬው መንገድ መጠየቅ እንደ ልመና ነው የሚቆጥሩት።

አንድ ዘበኛ አገኘሁ። ጋቢን በእንግሊዝኛ ማን ይለዋል? በእጄ ትከሻዬ ላይ አጣፋሁለት፣ ቁመናቸውን ኮስተር ብዬ አሳየሁት፣ እንዴት እንደሚቆሙ ቆምኩለት። ሰውዬው ፊቱ በራ። ገባኝ ብሎ ክንዴን ያዘና በልበ ሙሉነት ይዞኝ ሄደ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እጥፋት አልፈን አንድ ቤት አስገባኝና በእጁ አመለከተኝ። የድንጋይ ሐውልት ነው፤ ራስ የሌለው ሮማዊ። እውነት ለመናገር የጋቢው አጣጣል አንድ ነው። አቋቋሙም አንድ ነው። ራስ ቢኖረው ኖሮ ይዤው እሄድ ነበር።

ከውጭ የአውቶብሱ ጡሩምባ ተሰማ። የማታውን በረራ አሰብኩ፤ አማቴን ጥዬ አልሄድ፣ ይዣቸው አልሄድ። አማኑኤል ስገባ ታየኝ። የአበባ ወንድሞች ማጭዳቸውን እንደያዙ «አባታችንስ?» ሲሉኝ ታየኝ። «ፎቶ ሳነሣቸው ጠፉ» ተብሎ ይመለሳል? አልቅሼ አላውቅም፤ ያኔ ግን አለቀስኩ ብል አትታዘቡኝ፤ አቧራም ነበረበት።

በዚህ ጊዜ ነው ያ ምልክት ያለበት ድንጋይ ትዝ ያለኝ። ቁልቁል ሮጬ ቴአትር ቤቱ ውስጥ ገባሁ። ደረጃዎቹ ላይ ከየአገሩ የመጣ ጎብኚ ተቀምጧል፤ ስልቻ ነፊዎቹ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ቁጭ ብለዋል። ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። «ጋሽዬ!» አልኩ። ድምፄ ዞሮ ወደ ራሴ መጣ። ስማቸውን ጠርቼ እንዳልጮኽ፣ እኛ አገር የአማቱን ስም በአደባባይ የሚጮኽ አማች ሰው አይባልም።

ሰዉ ያየኛል። አንዲት አሮጊት ስልኳን ቀሰረች። የመጣው ይምጣ አልኩ። ሹራቤን ትከሻዬ ላይ ጣልኩት፣ የወጣልኝን ጫማ በቀኝ እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩ፤ ከአፌ የወጣው እስከ ዛሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፦

«ዘራፍ!
ሮም ሆይ አምጪልኝ ያንን ባለ ጋቢ፣
እሱን ጥዬ ብሄድ ቤቴ አልሆንም ገቢ!
ዓምድሽ እንደ ጫካ ቢውጠው ጎልማሳ፣
ነቅዬ አየዋለሁ አንድ በአንድ ሳነሣ!»

ወገኖቼ፣ ያ ድንጋይ ተአምር አለው። ሠርግ ላይ በድምፅ ማጉያ እንኳ የማይሰማው ድምፄ ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ወጣ፣ ግንቡን መታ፣ ነጎድጓድ ሆኖ ወረደ። ሽለላው እጥፍ ሆኖ ሲመለስልኝ ራሴን ፈራሁት። ያኔ ነው እላይ፣ ከመጨረሻው ደረጃ ጀርባ፣ የማውቀው ድምፅ የመለሰልኝ፦

«እዚሁ ነኝ እኔ ግንብ ተጠግቼ፣
ያደከምከኝ አንተ ፈልጌህ አጥቼ!»

ለካስ ፎቶው ረዝሞባቸው ዞር ሲሉ ሲያጡኝ፣ ልጁ ጠፋ ብለው እኔን ፍለጋ ወጥተዋል። ሲደክማቸው ከቴአትር ቤቱ ግንብ ጀርባ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆሏቸውን ሲቆረጥሙ ነበር። እኔ አገር ሳስስ እሳቸው ከግድግዳው ማዶ!

በላይኛው በር ብቅ አሉ። ሰማዩ ከኋላቸው፣ ጋቢው በነፋሱ ተነፍቶ፣ ዱላው ሽቅብ። አምላክ ያውቃል፣ በሕይወቴ ያላነሣሁት ትልቁ ፎቶ ያ ነው፤ ካሜራዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ረስቼዋለሁ። ያን ቀጥ ያለ ደረጃ እየፎከሩ ወረዱ። በየደረጃው ቆም እያሉ አባታቸውን ያነሣሉ፣ ፈረሳቸውን ያነሣሉ፣ ጮቄ ተራራን ያነሣሉ። ጎብኚው አንድ በአንድ ተነሥቶ ቆመ። ስልቻ ነፊዎቹም እጃቸው አላስችል ብሏቸው በፉከራው ልክ መንፋት ጀመሩ፤ ከበሮው ገባ። እላችኋለሁ፣ ስልቻና ሽለላ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

መሐል ወለሉ ላይ ተገናኘን። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። አቧራዬን አዩ፣ በእጄ የያዝኩትን ጫማ አዩ፣ ምን ሆነህ ነው አላሉኝም። ጭብጨባው ጋብ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ይህን ድምፅ የት ደብቀኸው ኖሯል?» አሉኝ።

«እኔም አላውቅም ጋሽዬ።»

«ድገመው እንግዲህ። ከወዲያ ያለው ፈረንጅ አልሰማም።»

ደገምኩት። ሊቆጡን የመጡት አስጎብኚና ሾፌር በር ላይ ቆመው ስልካቸውን ቀስረው ይቀርጹን ነበር። የዘገየ የማይጠብቀው አውቶብስ ጠበቀን፤ ስንሳፈርም የፊት ወንበር ተለቀቀልን። መንገዱን ሙሉ ጎብኚው ሁሉ ከጋሽ ይርሳው ጋር ፎቶ ይነሣል፤ አስተካክዬ የማቆመው እኔ ነበርኩ። ጋሽ ይርሳውም ባልኳቸው ቁጥር ፈገግ አሉ። ገደሉንና እሪያዎቹን ዳግም አላነሷቸውም።

ከእኛ በፊት ቪዲዮው አገር ገብቶ ኖሯል። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ስንደርስ አበባ አባቷን ሳመች፣ ከእግር እስከ ራስ አገላብጣ አየች፣ ምንም እንዳልጎደላቸው ስታረጋግጥ ወደ እኔ ዞረች። ስለ ፎጣው ፈረንጅ አልጠየቀችኝም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አቀፈችኝ፤ ያ ደግሞ በእኛ አገር ከሽልማት በላይ ነው።

በቀጣዩ እሑድ አማኑኤል ሰንበቴ ላይ ተጠራሁ። ጋሽ ይርሳው ነገሩን ከጠዋት ጀምረው ያወራሉ። በእሳቸው ትረካ ቦዩ ገደል ሆኗል፣ ዘበኛው ጭፍራ ሆኗል፤ ጎብኚውማ የሰንበቴው ዳስ አይችለውም። ላርማቸው ቃጣኝና ተውኩት። ሰው እየተሞገሰ እርማት አያበዛም።

ጎረቤታቸው አያ አላምረው፣ ለመሆኑ ያ የሮም ከተማ ምን ይመስላል ብለው ጠየቁ። ጋሽ ይርሳው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ባዶ ከተማ ናት፤ ዘር አልቀረባትም» አሉ። «ይህ ልጅ ሲጠራኝ ግን ሞላች።»

ከዚያ ለጠላ ቀጂዋ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቷት፤ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀድሞ የእኔ ዋንጫ ተሞላ።